ከደረጃው ያላለፉት ሽማግሌ

አሁን ከሚሴ የምኖርበት ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ ድምፅ የለም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሱቅ ገብቼ የላላ ጣውላ ብረግጥ ሲጥ አለ፤ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ባለሱቁ "ምነው እናቴ፣ አመመዎት?" አለኝ። ምኑን ልንገረው። ባቲ ያለው የአባቴ ቤት ነው ትዝ ያለኝ።

ስለዚያ ቤት ሳወራ ጉራ ይመስልብኛል። ይምሰል። ሰፈራችን የነጋዴ ሰፈር ነበር፤ በቆዳና በጨው የከበሩ ሰዎች ከባሕር ማዶ ግንበኛ እያስመጡ የሠሩት። አንዱ በሩን በድንጋይ ቅስት ካሠራ፣ ጎረቤቱ በረንዳውን በእንጨት ፍርግርግ አስውቦ ይበልጠዋል። የእኛ ሁሉም ነበረው። ምድር ቤቱ ወፍራም ድንጋይ፣ ፎቁ ጣውላ፣ የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ዳንቴል የተቆረጠ፣ ከበሩ በላይ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ መስታወት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በዚያ መስታወት ስትገባ የእናቴ ነጭ ሻሽ ሳይቀር ቀይ ይሆን ነበር። ሰኞ ለገበያ ግመሉን እየጎተተ የሚመጣው የአፋር ሰው ቀና ብሎ ሳያየው አያልፍም። ያሠራው አያቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ዒድ በደረሰ ቁጥር ጣውላውን በዘይት እየወለወለ አቆየው። ዛሬ ፎቁ ተቆልፏል፤ ግን ቆሟል።

ያ ወለል አያስዋሽም ነበር። እኔና እህቴ ምድር ቤት፣ የቆዳ ሽታ የማይለቀው መጋዘን ውስጥ ሆነን ከላይ የሚራመደው ማን እንደሆነ በእግሩ ድምፅ እንለያለን።

እህቴ የወደደችው የጨፋ ሮቢት የገበሬ ልጅ ነው፤ ባቲ አስተማሪ ሆኖ መጥቶ። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። አባቴን ታውቀዋለቻ። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር "ሄዳችሁ ተመለሱ" ነው መልሱ። ከዚያ በፊት የመጡትን አመላልሶ አመላልሶ ሰልችቷቸው ቀርተዋል። "እነዚህንም ካመላለሳቸው ለልጃቸው ሌላ ያጩለታል፣ እኔም ቆሜ ቀረሁ" ትለኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ። እኛ መጋዘን ውስጥ ጆሯችንን አቁመናል። የድንጋዩን ደረጃ ወጡ። ወለሉ ሲጥ አለ፣ አንዱ ገባ፤ ሲጥ አለ፣ ሌላው ገባ። ሦስተኛው እግር ግን ደረጃው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ የልጁ አባት ናቸው።

እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። "አልገባም አሉ። አልወደዱኝም" አለችና ጆንያ ላይ ዘጭ አለች።

መቼም ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ቃል ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው የሚለምነው። ሁለቱ እንደ ወጉ ክፍሉ መሐል ቆመዋል። የልጁ አባት ግን የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ንቅንቅ የለም።

"ግቡ እንጂ" ይላል አባቴ።

"የለም፣ እዚሁ ይበቃኛል።"

"ኧረ በአላህ፣ ግቡ።"

"ወላሂ፣ እዚሁ ይበቃኛል።"

ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ እንደዚያ ሳስቶ ሰምቼው አላውቅም። "ብዙ ሽማግሌ ተቀብያለሁ። የሰው ቤት አክብሮ ደፍ የማያልፍ ግን ዛሬ ገና አየሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

እናቴ ከላይ እልል አለች። እህቴ አፏን በሻሿ አፍና አለቀሰች።

የልጁ አባት ሲወርዱ በእኛ በር አጠገብ አለፉ፤ ላብ አጥምቋቸዋል። ጓደኛቸውን "ነ ቀቢ" አሉት፣ ያዘኝ ማለታቸው ነው። "ጣውላ ላይ ቆሜ አላውቅም እኮ። ሲጮህ ነፍሴ አፌ ላይ ደረሰች። አልሐምዱሊላህ፣ መሬት ረገጥኩ" አሉ። እኔና እህቴ ተያየንና ሳቃችንን ለማፈን ፊታችንን ጆንያ ውስጥ ቀበርን። ለአባቴ ማን ደፍሮ ይንገረው። ምስጢሩን ይዘን ቀረን።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው በመጡ ቁጥር ደረጃው ሥር ይቆማሉ፤ አባቴም ይወርድላቸዋል። ታችኛው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የዝናቡንም የከብቱንም ሲያወሩ ይመሻል። "የቤቴን ክብር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው" ይል ነበር አባቴ ላገኘው ሰው ሁሉ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። እኛ ዞር ብለን እንስቃለን።

አባቴ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛው ወንድ ፎቅ ላይ ተቀመጠ፣ ሴቶቹ ምድር ቤት። ከቀትር በኋላ አንድ እግር ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ይወጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይወጣል። ጫፉ ላይ ደርሶ ቆመ።

"አማቴ ናቸው" አለች እህቴ ቀና ብላ።

ወለሉ ሲጥ አለ። አላመንኩም። ደግሞ ሲጥ አለ። በአናታችን ላይ ቀስ እያሉ፣ ክፍሉን አቋርጠው፣ አባቴ ከሚቀመጥበት መስኮት ሥር ደረሱ።

"አባ፣ ዛሬ እንዴት ደፍረው ወጡ?" ሲላቸው ሰማን አንድ ሰው።

"ፍርሃቴን እሱ ያውቅልኝ ነበር፤ ለሰው ሳይናገር ይወርድልኝ ነበር" አሉ። "ከእንግዲህ ማን ይወርድልኛል?"

እህቴ ጣራውን እያየች እንደዚያ ቀን አፏን በሻሿ አፈነች።