የአያቴ መርፌ በመብራት ርክክብ
አያቴ እስራኤል ውስጥ ክርያት ሞሼ የሚባለው ሰፈራችን አጠገብ ያለው ኳስ ሜዳ ጠባቂ ነበሩ። አዲስ መብራት ሲተከል እሳቸው ሳይፈርሙ ርክክብ አልነበረም። ጎንደር ሳሉ ሸማኔ ስለነበሩ፣ ብርሃኑ መድረሱን ለማየት ሲመሽ በሜዳው በየማዕዘኑ ቆመው በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገቡ ነበር። አንድ ቀን ባንዱ ማዕዘን ክሩ እንቢ አላቸው።

«አባባ፣ ችግሩ ዓይንዎ ነው። ያላ፣ ቶሎ ይፈርሙ» አላቸው መብራቱን የተከለው የሰፈራችን ሰው።

«እንካ፣ አንተ አስገባው። ኳስ እዚህም ይመጣል።»

እሱም አቃተው። ምሰሶው ላይ ወጥቶ መብራቱን ወደ ማዕዘኑ አዞረው። ክሩ ሲገባላቸው በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ ደህና ነው ብለው ፈረሙ። እኔ ግን ሰው በማስቆማቸው አፍሬባቸው ነበር።

ከቀብራቸው በኋላ መርፌውን ኮታቸው ኮሌታ ላይ አገኘሁት። ትናንት ሲመሽ እዚያው ማዕዘን ቆሜ ሞከርኩት፤ ባንዴ ገባ። «ቤሰደር» የሚል ስላልነበረ መርፌውን ኮሌታዬ ላይ ሰክቼ ወደ ቤት ሄድኩ።