ሰባት ሠራተኞች በአንድ ልደት

«አንቺ እኮ የለሽም» አሉኝ፣ ሻያቸውን ሳስቀምጥ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ እያዩ።

«የለሁም ካሉማ ይሄን ሻይ ማን አመጣው?» አልኳቸው። ዝምታ አልፈጠረብኝም።

ሴትዮዋ የማጭበርበር መርማሪ ናቸው፤ የሰው መዝገብ ሲፈትሹና የሐሰት ደረሰኝ ሲያሳድዱ ያረጁ የሪያድ ሰው። እዚህ ትልቁም ትንሹም አንተ አንቺ ነው የሚባባለው፤ እኔ ግን እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሴት አንቺ ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ አንቱ ብያቸዋለሁ። ኡስታዛ፣ መምህርት እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው። መሥሪያ ቤታቸው ከሌሎች አሥር ሴቶች ጋር፣ እኔ ሻይ ወደማቀርብበት ማሠልጠኛ ልኳቸው ነው። ትምህርቱ ፕሮግራም መጻፍና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለምርመራ መጠቀም ነው። ሰው ዓመት ሙሉ አገላብጦ የማያገኘውን ሌባ፣ ማሽኑ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያወጣዋል ይላሉ።

ኡስታዛና ማሽኑ ግን አልተዋደዱም። ሌሎቹ ልጆቻቸው ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው፤ ጣታቸው ይሮጣል። እሳቸው በአንድ ጣት እንደ ምስር ይለቅማሉ። አንዲት ነጥብ ይረሱና ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። ከዚያ እኔን ይጠራሉ።

«ልጄ፣ ስኳር ጨምሪልኝ፤ ዛሬም ተቆጣኝ።»

«ምን ብለው ሰድበውት ነው፣ ኡስታዛ?»

አራት ቀን እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው አሠልጣኙ በእውነተኛ መረጃ መለማመድ ይሻላል ብሎ፣ የማሠልጠኛውን የጽዳትና የሻይ ሠራተኞች ዝርዝር ከሥራ አስኪያጁ ተቀበለ። ስም የለበትም፤ የሠራተኛ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ ስልክና መኖሪያ ብቻ። «በወረቀት ኖረው በአካል የሌሉ ሠራተኞች ካሉ አውጡልኝ» አላቸው። የዚያን ቀን የኡስታዛ ፕሮግራም ያለ አንዲት ቀይ መስመር ሠራ። ሰባት ቁጥር አወጣ። ሰባቱም የተወለዱት በአንድ ዓመት ጃንዋሪ አንድ ቀን፣ ስልካቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱም ሲጠየቅ፣ እነዚህ አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ፈረደ። ልጆቹ አጨበጨቡላቸው። ኡስታዛ መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ጠረጉ፤ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ይመስለኛል። ይኼኔ ነው ሻይ ይዤ የገባሁት፤ ከሰባቱ ቁጥር አንዱ ደረቴ ላይ ነበር።

ሳቅሁ። አሠልጣኙ ግን አልሳቀም።

«ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ዝርዝሩ ወደ አስቀጣሪው ድርጅት ይሄዳል። እስኪጣራ የሰባቱ ኢቃማ አይታደስም» አለ።

ሳቄ እዚያው ደረቀ። አብረን ስለገባን የሰባታችንም የመኖሪያ ፈቃድ የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ነው። ሪያድ ውስጥ ኢቃማ የሌለው ሰው ባጥሐ ገበያ ድረስ እንኳ በሰላም አይሄድም፤ መንገድ ላይ ይያዝና ወደ አገሩ ይጠረዛል።

«ኡስታዛ፣ ማሽንዎ ዋሽቷል» አልኩ።

«ማሽን አይዋሽም» አለ አሠልጣኙ።

«እንግዲያው ቅጽ የሞላልን ሰውዬ ነው የዋሸው።»

ነገርኳቸው። አገር ቤት ደላላው አሰልፎ ቅጽ የሚሞላ ሰውዬ ዘንድ አስገባን። ሰውዬው ከፊቴ የነበረችውን መቼ ተወለድሽ ሲላት «ማሽላው ሲታጨድ» አለችው። ዓመቱንም ከራሱ ገምቶ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈ። ቀጣይዋን ሳይጠይቃት በዚያው ዓመት ጃንዋሪ አንድ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ነኝ፤ ቀኔን አውቃለሁ፣ ሰኔ ነው አልኩት። «እህቴ፣ በአንቺ ልደት ሰልፍ አላቆምም» አለኝና እኔንም ጃንዋሪ ላይ ወለደኝ። ስልኩ ደግሞ የአንዲት ጓደኛችን ነው። እንደገባን ሲም ካርድ የነበራት እሷ ብቻ ስለነበረች ሁላችንም የእሷን ቁጥር ሰጠን፤ ከዚያ ወዲህ ቀይሩ ያለን የለም። ቤቱም መንሱራ ሰፈር ያለው የድርጅቱ ማደሪያ ነው፤ ሌላ የት እንደር?

ኡስታዛ አፈጠጡብኝ። «ልደቴ ውሸት ነው እያልሽኝ ነው?»

«አዎ።»

«ለማጭበርበር መርማሪ?»

«ታዲያ ለማን ልንገር?»

ልጆቹ ሳቁ። አሠልጣኙ «የተጠርጣሪ ቃል ማስረጃ አይሆንም» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ኡስታዛ ግን ሞባይላቸውን አወጡና በዚያችው አንድ ጣት ያንን ስልክ ቁጥር በቪዲዮ ደወሉ። አንዷ ሠልጣኝ ምስሉን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘችላቸው። ጓደኛዬ ብቅ አለች፣ ራሷን በፎጣ ጠምጥማ።

በአማርኛ ጮህኩባት። «አንቺ፣ የሉም ተብለናል፤ ኢቃማችን ሊቆም ነው። ልጆቹን ባጃቸውን አስይዘሽ አንድ በአንድ አሳዪ።»

«የለንም? ወለሉን ሁሉ ማን ሲወለውለው ከርሞ ነው?»

«ያላ፣ ቶሎ በይ፣ አትከራከሪኝ።»

ሌሎቹ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ተኝተዋል፣ ፀጉራቸው እንደተገለጠ። አሠልጣኙ ይህን ስነግረው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ወጣ፤ ማስረጃው ለሴቶቹ ብቻ ቀረ። ጓደኛዬ ስልኩን ይዛ ካልጋ አልጋ ዞረች። የመጀመሪያዋን ብርድ ልብሷን ገፈፈቻት።

«ተነሺ፣ መኖርሽን ተናገሪ።»

«ነገ እኖራለሁ፤ አሁን ልተኛበት» አለች ልጅቱ፣ አውራ ጣቷ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር፣ ባጁን በተኛችበት ከፍ አድርጋ። ሁለተኛዋ ሶላት አመለጠኝ እንዴ ብላ በርግጋ ተነሳች። ሦስተኛዋ ፎቶ መስሏት ከንፈሯን አስተካከለች። አራተኛዋ ሰደበችን። ኡስታዛ ማሽኑን ትተው በእስክሪብቶ፣ በወረቀት፣ ቁጥሩን እያስተያዩ ምልክት ያደርጋሉ። ከእኔና ከጓደኛዬ ጋር ስድስት ሆንን።

ሰባተኛዋ አልነበረችም። ከሁለት ወር በፊት ከማደሪያው ወጥታ፣ ድርጅቱ ሳይፈቅድ ሺፋ ሰፈር ሰው ቤት ለሥራ ገብታለች። ባጇን አልጋዋ ላይ ሰቅላው ነው የሄደችው። ስልኩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳ አሳየ፣ ጣሪያ አሳየ፤ ከዚያ ከላይኛው አልጋ ላይ እስከ አፍንጫዋ የተሸፈነች ሴት ያን ባጅ ይዛ ታየች። የክፍሉ ልጆች «ሰባት!» ብለው አጨበጨቡ።

ኡስታዛ እስክሪብቶውን አላወረዱም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦

«ያ ሰማያዊ ፕላስተር ስንት ሰው ላይ ነው ያለው?» አሉኝ።

«ስድስት ነን። ሰባተኛዋ ወጥታለች። የት እንዳለች አይጠይቁኝ፤ አልነግርዎትም።»

«እሷን ማን ጠየቀሽ? በሌለችው ስም ማሠልጠኛውን እያስከፈለ ያለውን ነው እኔ የምፈልገው።» ስድስቱን ቁጥር ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ሰረዙና ፈረሙበት። ከሰባተኛው ጎን የድርጅቱን ስም ጻፉ።

«እና እሷ ጠፋች ተብላ ትመዘገባለች?» አልኩ።

«እሱን አላውቅም» አሉ፣ ወረቀቱን እያጠፉ።

ጓደኛዬ ስክሪኑ ላይ አሁንም ስልኩን እንደዘረጋች ነው። «ተገኘን? እንተኛ?»

«ስድስታችን ተገኝተናል። ተኙ» አልኳት።

ኡስታዛ በሩን ከፍተው አሠልጣኙን ጠሩት። እሱ ሲገባ እኔ ትሪዬን አንስቼ ወጣሁ።