ታምራትና ባለ ሦስት ኪሎዋ ዱባ

ሕፃን ማጠብ የጀመርኩት ሐሙስ ቀን ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክሜ ስወርድ እማማ ተዋበች ከአንድ ግቢ በር ላይ ጠሩኝ። የሰፈራችንን ሕፃን ሁሉ የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ፤ ያን ሰሞን ግን እጃቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ጭራሮውን አውርጂና ነይ። ሕፃን ታጥቢያለሽ።»

«አላውቅም እኮ እማማ።»

«አራት ወልደሽ የለም እንዴ?»

ወልጃለሁ። የራስን ልጅ ማጠብና የሰው ልጅ ማጠብ ግን አንድ አይደለም፤ የሰው ልጅ ሲሆን እናቱ ቁጭ ብላ ታይሻለች። ሳፋው ፊት ተንበረከኩ፣ ውኃውን በጣሳ ቀዳሁና በድንጋጤ ግማሹን በገዛ ቀሚሴ ላይ ደፋሁት።

«የምታጥቢው ሕፃኑን ነው ወይስ ራስሽን?» አሉኝ እማማ ተዋበች። አራሷ ሳቀች። እናቱ ስትስቅ ሲያለቅስ የነበረው ሕፃንም ዝም አለ። ሥራው በዚያው የኔ ሆነ።

ያስተማሩኝ ነገር አጭር ነው። ውኃውን በክርንሽ ለኪ። ግራ እጅሽ ከአንገቱ ሥር አይነሣ። ፊቱን በመጀመሪያ፣ ያለ ሳሙና። ከዚያ አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽት፤ ወተትና ላብ የሚደበቀው እዚያ ነው። እምብርት ላይ ቅቤ ማድረግንም አስተምረውኝ ነበር፤ እሱን ግን አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ «እማማ አስካለ፣ እምብርቱን ደረቅ ይተዉት» ብላ በትሕትና ነገረችኝና በትሕትና ተውኩት።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ፤ እግሬም እንደዚያው ነው።

የአራስ ቤት ማዕረግ አለው። ከላይ አራሷ ናት። ቀጥሎ የአራሷ እናት። ቀጥሎ እኔ። ከኔ በታች ገንፎ ይዘው የሚመጡት ጎረቤቶች ናቸው። ከነሱ በታች በሩ ላይ የሚተኛው ድመት አለ። ባል ከድመቱ ቀጥሎ ነው፤ ድመቱን እንኳ ማንም ውጣ አይለውም። ስንቱን ባል አይቻለሁ መሰላችሁ። «ምን ላግዝ?» ይላሉ። «ውኃ አምጣ» ስንላቸው ሱቅ ሄደው የታሸገ ውኃ ገዝተው ይመጣሉ።

ከድመቱ በላይ ልውጣ ያለኝ የመጀመሪያው ባል ታምራት ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ ሥራው የመንገድ መሐንዲስ። ከኔ ቤት ከፍ ብሎ ያለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሚስቱ ከሰላም ጋር ተከራይቶ ይኖራል። ሰላም ስድስተኛ ወሯን ይዛ ሳለ በሬን አንኳኳ።

«እማማ አስካለ፣ ሕፃን ማጠብ ያስተምራሉ?»

«ማንን?»

«እኔን።»

«ግባ ልጄ፣ ቁጭ በል። ምን ገጠመህ?»

የገጠመው ይህ ነው። የሰላም እናት፣ እትዬ በለጥሽ፣ ደብረ ብርሃን ነው ያሉት። በነሱ ልማድ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። ሰላም ስምንተኛ ወሯ ሲገባ ከላምበረት አውቶቡስ ልትሳፈር ነው፤ ለሱ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያን ያህል ፈቃድ አይሰጠውም።

«የልጄን መወለድ በስልክ ልሰማ ነው» አለኝ። «እዚሁ ቅሪ አልኳት። ማን ያርሰኛል አለች። እኔ አልኳት። እስካሁን እየሳቀች ነው።»

አብረን ወደ ቤታቸው ወጣን። ሰላም እውነትም እየሳቀች ነበር።

«እማማ፣ እሱ እኮ ብርጭቆ ሲያጥብ ይሰብራል!» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን ተወችና ሆዷን ዳሰሰች። «ግን እርስዎ ‘ይችላል’ ካሉኝ እቀራለሁ። እርስዎ አይዋሹኝም።»

እሱን ልትፈትን እኔን ዋስ አስያዘችኝ።

መሐንዲስ ማስተማር ከባድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቴርሞሜትር፣ ሜትርና ላፕቶፕ ይዞ መጣ።

«ክርን ስንት ዲግሪ ነው?» አለኝ።

«ክርን ክርን ነው።»

ጻፈው።

የሰው ልጅ ለመለማመጃ አይሰጥም። ስለዚህ ሾላ ገበያ ወረድንና ዱባ ሻጯ ዘንድ ቆምን። «ሦስት ኪሎ የምትሆን፣ አንገት ያላት» አለ ታምራት።

«ለወጥ ከሆነ ይቺ ትልቋ ትሻልሃለች።»

«ለወጥ አይደለም። ላጥባት ነው።»

ሴትዮዋ ዱባዋን ትታ እኔን አየችኝ። «እናቱ ነዎት?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አይዞዎት።»

ዱባዋን ሚጣ አላት። ሥራ ውሎ በመጣ ቁጥር ያጥባታል። በመጀመሪያው ቀን ፊቷን በሳሙና አሻት።

«ዓይኗ!» ብዬ ጮህኩ።

«ዓይን የላትም እኮ እማማ።»

«ልጅህ ይኖራታል።»

በእስክሪብቶ ሁለት ዓይን ሣለላትና «ይቅርታ ሚጣ» አላት። ገንፎም አስተማርኩት። የመጀመሪያውን ገንፎ ማንኪያ አልገባው አለ፤ ታምራት ራሱ በሙያው አይቶ ለመንገድ ይሆናል ብሎ ፈረደ። ሁለት ሳምንት ሲሞላው ግን እጁ መላመድ ጀምሮ ነበር፤ ሰላምም ሳታስበው የበር መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ማየት ጀምራለች።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ «ዛሬ ሳታስቀምጣት ትውላለህ» አልኩት። ሕፃን የሚያደክመው በክብደቱ አይደለም፤ ማስቀመጥ ስለማይቻል ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እወጣለሁ፤ ምን ልሠራ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እግሬ ነው የሚያውቀው። እሱም ሚጣን በነጠላ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞ ተከተለኝ። ለሰላምታ የሚቆም ሰው ሁሉ «ይደግ!» ይለው ነበር፤ እሱም «አሜን» ይላል።

ዳገቱ ቀጥ የሚልበት ቦታ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ። ልማድ ሆኖበት እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ሚጣ ወደ ቁልቁለቱ ሄደች።

«ሚጣዬ!» ብሎ ተወርውሮ ተከተላት። ከታች እንጨት ተሸክማ የምትወጣ ሴት ሸክሟን ወርውራ «ልጁ! ልጁ ተንከባለለ! ኧረ የሰው ያለህ!» አለች። እኔ ዱባ ናት ልል ቃሉ ጠፋኝ። ሴትዮዋ ባሕር ዛፉ ሥር ደረሰችባትና ነጠላውን ገለጠች። በእስክሪብቶ የተሣሉ ሁለት ዓይኖች አዩዋት።

«ዱባ?» አለች። ታምራት እያለከለከ ሲደርስ በነጠላው ጫፍ ትከሻውን መታችው። «ዱባ ታቅፈህ ልቤን ታቆመው? ደግሞ ለምን አለቀስክ?»

እውነትም አልቅሶ ነበር። ሸክሟን አንስተን አሸከምናትና ወረድን።

ቤት ስንደርስ ሰላም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጣላት?»

በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም። «ጣላት» አልኳት።

ሰላም ቁም ሳጥኑን ከፍታ ቦርሳዋን አወጣች።

እሱ ሳያንስ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሴቶች ገንፎ ይዘው በሩን ሞሉት። ጎረቤታችን ከድጃ ጠዋት ታምራት የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ሲወጣ አይታው ነበር።

«ስንት ጊዜ እልል እንበል? ወንድ ነው ሴት?» አለች ከድጃ።

«ዱባ ናት» አለ ታምራት አንገቱን ደፍቶ።

ሴቶቹ ተያዩ። «ለዱባ ስንት ነው?» አለች ከድጃ።

ገንፎው ተበላ፤ አብዛኛውን የበላችው ሰላም ናት፣ በኩርፊያዋ ላይ። ክፋቱ፣ ከድጃ ከመምጣቷ በፊት ደብረ ብርሃን ደውላ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅዎ ተገላገለች» ብላ ኖሯል። ሰባት ወር ሳይሞላ! መልሰን ብንደውል፣ ብንደውል የእትዬ በለጥሽ ስልክ ዝግ ነው። ለካ ድንጋጤው ሳይለቃቸው ስልካቸውን ቻርጅ ማድረጉን ረስተውታል።

እሑድ ረፋድ ላይ የሰላም ቦርሳ በሩ ሥር ተቀምጧል። ታምራት መሬት ላይ ተንበርክኮ የሚጣን ጭረት እያጠበ ነው። አንድ ጎኗ ተልጦ ነበር። «ለምን ትደክማለህ? ትምህርቱ አበቃ» ስለው «ቆሽሻለች እኮ» አለኝ። እኔ ፎጣ ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ስመለስ እትዬ በለጥሽ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከላምበረት እየሮጡ የመጡ ይመስላሉ፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸሽቷል። እሱ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። ክርኑን ውኃው ውስጥ ነከረ። ግራ እጁን ከሚጣ አንገት ሥር አደረገ። ዓይኖቿን በጥጥ ጠረገ፣ ያለ ሳሙና።

«እማማ፣ ነፋስ እየገባባት ነው፤ በሩን ይዝጉልኝ» አለ ዞር ሳይል፣ እኔ መስዬው።

እትዬ በለጥሽ በሩን ዘጉ። ከዘጉ በኋላ ነው ወደ ሳፋው ያዩት።

«ይሄ ሰው አብዷል እንዴ? ልጄስ? የልጅ ልጄስ?»

ሰላም ከነሆዷ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሆዷን አይተው ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ አቀፏት፣ እንደገና ተቀመጡ። ነገሩን ከነሾላው ከነእንጦጦው ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ተነሥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ወዲህ በላት። እንዲህ አይደለም የሚያዘው። እኔ ስድስት ወልጃለሁ።»

ሚጣን ከእጁ ተቀበሉ። ሚጣ ሳሙና ነበረባት። ከእጃቸው ሙልጭ አለችና ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ለሁለት ተከፈለች።

አንዱ ግማሽ ወደ ሶፋው ሥር ገባ። «ሚጣ!» አለ ታምራት በቀጭን ድምፅ። ሰላም ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። እትዬ በለጥሽ «ዱባ ናት እኮ፣ ታሙለጨልጫለች» አሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

ሰላም እንባዋን ጠርጋ ወደኔ ዞረች። «እማማ፣ ይንገሩኝ። ይችላል?»

እማማ ተዋበችን አሰብኳቸው፤ ያን የረጠበ ቀሚሴንም።

«ስልኩን ለሰው ከሰጠ ይችላል» አልኳት።

ታምራት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለአማቱ አስረከበ። እትዬ በለጥሽ ስልኩን ጡታቸው ሥር ወሸቁና «እንግዲህ እኔም እዚሁ ነኝ» አሉ፣ የሰላምን ቦርሳ ወደ መኝታ ቤት እየመለሱ። «ይሄ ሰው ጠባቂ ያስፈልገዋል።»

ሚጣን ወጥ ሠራናት። ታምራት አልበላም። «ዓይኗን አይቼ?» ብሎ ዳቦ በሻይ በላ።

ልጅቷ በወሯ፣ በሰላም፣ እዚሁ አዲስ አበባ ተወለደች። ከሐኪም ቤት ወደ ቤት ገብተው ልጅቷ ለመታጠብ ስትደርስ ሳፋውን ያቀረበው እሱ ነው። ሚጣ አታለቅስም ነበር፤ ይቺ ግን ሰፈሩን አነቃነቀችው። እትዬ በለጥሽ ጡት ሥር የታምራት ስልክ ጮኸ። ታምራት ራሱን አላዞረም። ግራ እጁ ከአንገቷ ሥር ነው፣ በቀኙ የቀዳውን ውኃ ግማሹን በገዛ ሱሪው ላይ ደፋው።

«የምታጥበው ሕፃኗን ነው ወይስ ራስህን?» አልኩት።

ሰላም ሳቀች። ልጅቷ ዝም አለች።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፣ አባቶችም ብትሆኑ፦ ውኃ በክርን ይለካል። ግራ እጅ ከአንገት ሥር አይነሣም። ስልክ ሌላ ሰው ይያዝ። ዱባ ሾላ ገበያ አለ።