መታጠፊያው ላይ ቁም

በጭነት ግቢው «ቋጠሮ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ዕድሜውን የፈጀው የሌሎችን ሞተር ሳይክል ተሳቢ ላይ ሲያስር ነው። እሱ ያሰረው አገር ቢያቋርጥ ንቅንቅ አይልም ይባልለት ነበር። ከሕመሙ በኋላ ግን ቀኝ እጁ ከዳው። የመኪናውና የተሳቢው ባለቤት የሆነው ታናሽ ወንድሙ ዓይን ዓይኑን እያየ «በቃህ» ለማለት ድፍረት ቢያጣ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይችን እሰርና እንየው» አለው።

ቋጠሮ ገብቶታል፤ ሥራው ላይ የሚቆይባት ወይም የሚሰናበትባት ይህች ናት።

የሞተሩን የፊት ጎማ ተሳቢው ላይ ካለው ማቀፊያ ውስጥ ከተተ። የጎን ማቆሚያውን በእግሩ አጥፎ ሞተሩን ቀጥ አደረገው። ጠፍሮቹን ከመሪው ሥር ካለው ብረት ወደ ሁለቱ የፊት ማዕዘኖች ዘረጋ፤ ቀኝ እጁ እምቢ ሲለው የጠፍሩን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ የፊት ሞላው ግማሽ ያህል እስኪታመቅ ማጥበቂያውን በግራው ወጠረ። የኋላውንም በሌላ ጥንድ ጠፍር ያዘ።

«በጥርስ ሲታሰር ገና ዛሬ አየሁ!» አለ ባለሞተሩ። «በሉ ቶሎ በሉ፣ አረፈድኩ።»

«አይዞህ፣ ጥርሴ ገና አልረገፈም» አለው ቋጠሮ።

በዚያ ግቢ ያሰረ ሰው ከጭነቱ ጋር ይሄዳል፤ ከበሩ ቁልቁል በሚታየው የመጀመሪያ መታጠፊያ መኪናውን አስቁሞ ጠፍሩን ዳግመኛ ያጠብቃል። ማንም ቢያስረው፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይላላልና። ቋጠሮ ወደ ጋቢናው ሲጠጋ ግን ባለሞተሩ ቦታውን ይዞታል።

«ዛሬ ለአንተ ቦታ የለም፣ ጋሼ» አለ ታናሹ መሪውን ይዞ።

«እንግዲያው መታጠፊያው ላይ ቁም። አደራ።»

«ኧረ እሺ! ሕፃን መሰልኩህ እንዴ?»

ቋጠሮ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ሸኛቸው። መኪናው ሳይቆም ታጥፎ ተሰወረ።

ሲመለሱ ሞተሩ መንገድ ላይ ወድቆ፣ ታንኩ ጎድጉዶ፣ መስታወቱ ረግፎ ነበር። ታናሹ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ፣ «ምን ላድርግ ጋሼ? እጅህ ነው» አለ።

«አልቆምክም። እዚሁ ሆኜ አይቼሃለሁ።»

«አሁን ይህ ነው የሚያከራክረን?»

ባለሞተሩ ሁሉን ያውቃል፤ ታናሹን ያጣደፈው እርሱ ነበርና የጫማውን አፍንጫ ያይ ጀመር። ያን ቀን ግቢው በሙሉ «ቋጠሮ ተፈታ» እያለ ሳቀ።

አሁን ቋጠሮ በሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ይውላል። የወንድም ነገር ነው እየተባለ ምሳ ይመጣለታል።

አንድ ረፋድ ታናሹ ራሱ ሌላ ሞተር ጫነ። በጎን ማቆሚያው እንዳዘነበለ ጠፍሩን ሲወጥርበት ቋጠሮ አየ። ይውደቅ፣ አለ በልቡ፤ ይውደቅና ሁሉም ይየው። ደስታ ቢጤ ደረቱን ሞላው። እግሮቹ ግን ሳያማክሩት ተነሱ። ሄዶ የግራውን ጠፍር አላላ፣ ሞተሩን በትከሻው ቀና አደረገ፣ ማቆሚያውን አጠፈ፤ ጠፍሩን እንደገና በጥርሱ ነከሰ።

ታናሹ አላመሰገነውም። ወደ አዲሱ ደንበኛ ዞሮ፣ «አትቀየመው፣ ልማድ ሆኖበት ነው» አለ።

ቋጠሮ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። መኪናው በሩን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ አንገቱን አስግጎ መታጠፊያውን ጠበቀ።

አልቆመም።