ለወንድሜ የመረጥኩለት መጽሐፍ

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሰቆጣ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ነገሩ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ከመጨረስ በላይ ጊዜ አልወሰደም። የተመታ ሰው የለም፤ የተሰደበም የለም ማለት ይቻላል። እዚያ የነበሩት ሁሉ ረስተውታል። እኔ ግን አልረሳሁትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ መናገር አቅቶኛል። ለመጻፍም ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

እኛ ቤት ሁለት ወንድማማች ነበርን። ኪሮስ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ልጆች ሳለን አባታችን ሁለታችንንም ትምህርት ቤት ሊልክ አልቻለም፤ ለእርሻው የሚቀርለት አንድ ሰው ይፈልግ ነበር። «ታናሹ ይሂድ፣ እኔ እቀራለሁ» ያለው ራሱ ኪሮስ ነው። እኔ አላስታውሰውም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ።

እርሱ ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነው። አምደወርቅ የሚኖር አጎታችን ወሰደውና በራሱ ስም አስመዘገበው። ስድስተኛን እዚያ ጨርሶ ለሰባተኛ ክፍል ወደ ሰቆጣ ሲመጣ፣ እኔ ደሴ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ደርሼ ነበር። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ ወንድማማች መሆናችንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የአባት ስማችንም አይገጥምም።

በእኛ አገር ታላቅ ወንድም በስሙ ብቻ አይጠራም፤ «አያ» ይባላል። እኔም ያለ «አያ» ጠርቼው አላውቅም ነበር።

በዚያ ሰኔ ለትምህርት ቤቱ አንድ ሣጥን መጻሕፍት ከአዲስ አበባ ተላከለት። ዳይሬክተሩ ከሸዋ ከመጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ለክረምት አንዳንድ መጽሐፍ ሊያድል፣ በመስከረም ደግሞ እያንዳንዱ ክፍሉ ፊት ቆሞ ያነበበውን እንዲናገር አስቧል። እኔ የዚሁ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ ነኝና፣ ከደሴ መምጣቴን ሰምቶ አስጠራኝ።

«አንተ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነህ፤ ለማን የትኛው እንደሚሆን ምረጥልኝ። እኔ ካርድ ጽፌ አልጨረስኩም» አለኝ።

ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ልወጣ ስል ደግሞ እንዲህ አለ፤ «ስምንተኛ ክፍል ወንበር ጠቦኛል። ዕድሜያቸው የገፋውን በመስከረም በንባባቸው ነው የማጣራው። ደህና መጽሐፍ አንብቦ ደህና የተናገረ ይቀጥላል፤ ያለዚያ እርሻው ይሻለዋል።»

ኪሮስ ትዝ አለኝ። «ወንድሜ እኮ እዚህ ክፍል ነው» ማለት እችል ነበር። ሳልለው ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ከኪሮስ ጋር ወንዝ ወረድን። ሸሚዜን የሚያጥበው እርሱ ነበር። «ነገ ሰው ፊት ትቆማለህ፤ አንተ ካጠብከው ግማሹን እድፍ ትተህለት ነው የምትወጣው» ብሎ ቀማኝ። የምናወራው በአገውኛ ነው፤ እኔ እንዲሁ በአማርኛ ልጻፈው።

«ሣጥኑን ከበቅሎዋ ያወረድነው እኛ ነን» አለኝ። «አንድ ቀይ ሽፋን ያለው ወፍራም አለ። በመርከብ ስለሚሄዱ ሰዎች ነው። ሁለት ገጽ እንዳነበብኩ ዳይሬክተሩ መጣብኝ። ውኃው ሸሽቶ መርከቡ አሸዋ ላይ ቀርቷል፤ ሰዎቹም አንወርድም፣ እንውረድ እየተባባሉ ይጣላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

«አማርኛው ይገባሃል?»

«ቀስ ካልኩ ይገባኛል። ጮክ ብለህ አንብብ ስባል ነው ምላሴ የሚተሳሰረው። ቀዩን መጽሐፍ አስቀርልኝ። ስምንተኛን ከጨረስኩ ሐኪም ቤት ለድሬሰርነት ይቀበላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እናያለን፣ አያ» አልኩት።

በማግስቱ የታጠበውን ሸሚዝ ለብሼ ከዳይሬክተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁለት መምህራንም ነበሩ። መጻሕፍቱን ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን ብዬ በሦስት ከመርኳቸው። ቀጫጭኖቹ ፊደል ለሚቆጥሩ ሕፃናት የተሠሩ፣ ሥዕል የበዛባቸው ናቸው። ለሰባተኛ ክፍል እንደማይሆኑ ግልጽ ነበር። ግን ያለ እነርሱ መጻሕፍቱ ለተማሪው ሁሉ አይበቁም፤ ስለዚህ አላወጣኋቸውም።

ከዚያ አንድ ሕግ አወጣሁ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነብባል። ያልተደናቀፈ ከወፍራሙ ይሰጠዋል፤ ጥቂት የተደናቀፈ ከመካከለኛው፤ ብዙ የተደናቀፈ ከቀጭኑ።

ዳይሬክተሩ «ጥሩ ዘዴ ነው» አለ።

ይህን ሕግ ሌላ ሰው ቢያወጣው ባለማወቅ ነው እል ነበር። እኔ ግን ቤቴ አገውኛ እየተናገርኩ ያደግሁ ነኝ። አማርኛን ጮክ ብሎ ማንበብ ሌላ፣ መጽሐፍ መረዳት ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ደሴ በገባሁበት ዓመት የክፍሌ ልጆች የሳቁብኝ በዚሁ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ አንዷ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ ነበረች። ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ያለ አንድ ስሕተት አነበበች። መምህራኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ቀዩን መጽሐፍ አንስቼ ሰጠኋት። ለምን እንደሆነ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ሁሉም እያዩኝ ነበር፤ ከመጻሕፍቱም የሚያምረው እርሱ ነበር። ለኪሮስ ሌላ ወፍራም እሰጠዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

የአገር ቤት ልጆች ተራ ደረሰ። አንዱ ከሌላው ይብስ ነበር። ቀጭኑ ክምር እየጎደለ ሄደ።

ኪሮስ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ቁመቱ ረጅም ነው። የተጣፈ ቁምጣ ለብሶ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ክንዱ ላይ አድርጎ ነበር።

ዳይሬክተሩ «ይኸው ሽማግሌው መጡ» አለ። «ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው ነው እንጂ እርሳቸውስ ተማሪ አይደሉም።»

መምህራኑ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«በአንተ አገር በኩል ነው የመጣው መሰለኝ። ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ኪሮስ ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሟል። ሰምቷል።

«ስምህ ማነው?» አልኩት።

«ኪሮስ።»

«ኪሮስ፣ ከዚህ ጀምረህ አንብብ።»

ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ ተያዘ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። በር ላይ ከቆሙት ተማሪዎች አንዱ «ቀስ ይበሉ አባባ፣ ወደፊት ገደል አለ» አለና ሁሉም ሳቁ። ኪሮስ ግን ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበው።

ከወፍራሙ ክምር ልሰጠው እጄን ዘረጋሁ። ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ምንም አላደረገም፤ አየኝ ብቻ። ሕጉ የራሴ ነበር። እጄን ወደ ቀጭኑ መለስኩት። የወጣው ጫጩቷ ስለጠፋባት ዶሮ የሚናገር፣ ዐሥራ አንድ ገጽ ያለው መጽሐፍ ነው።

«ይህ ይሆንሃል» አልኩት።

በሁለት እጁ ተቀበለና እጅ ነሣ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለእርስዎም ዕድሜ ይስጥልን» አለኝ።

አንቱ አለኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አላሾፈም። አላውቀውም ያልኩት ውሸት መሆኑ እንዳይታወቅብኝ እየሸፈነልኝ ነበር።

ማታ ወደ ኪሮስ ማደሪያ ስመለስ እሳት አያይዞ ሽሮ እየሠራ አገኘሁት። «ደከመህ?» አለኝ። ስለ መጽሐፉ አላነሣም። እኔም አላነሣሁም።

ክረምቱን አገር ቤት አረም ስናርም ከረምን። የመንደሩ ሰው በወንፈል ሲሰበሰብ «ኪሮስ፣ ያቺን መጽሐፍህን ንገረን» ይሉት ነበር። እርሱም ዐሥራ አንዷን ገጽ በአገውኛ ከጠዋት እስከ ምሳ ያወራታል። ዶሮዋ ጫጩቷን ፍለጋ ዳኛ ቤት ትሄዳለች፤ ጭልፊትን ትከስሳለች፤ ምስክር ትቆጥራለች። ይህ ሁሉ መጽሐፉ ላይ የለም። አንድ ሽማግሌ «ይህች ዶሮ ከእኛ ቀበሌ ናት፤ እንዲህ ያለ ተከራካሪ ሌላ አገር አይበቅልም» አሉ። ሰው የአረም መጎልጎያውን ጥሎ ሳቀ።

እኔ አንገቴን ደፍቼ አርም ነበር። ከዐሥራ አንድ ገጽ ይህን ያወጣ ሰው ቀዩን ቢያገኝ ምን ይናገር እንደነበር አስብ ነበር።

በመስከረም ወደ ደሴ ስሄድ ኪሮስ ጓዜን በአህያ ጭኖ እስከ ኮረም ሸኘኝ። በመንገድ ላይ እየሳቀ «ዳይሬክተሩ ሲጠይቀኝ ከዶሮዋ ሌላ ምን ልንገረው?» አለኝ።

«አንተ መቼም ወሬ አታጣ» አልኩት።

«በአገውኛ አላጣም» አለ።

ከዚያ አህያውን እየነዳን ሄድን። ይቅር በለኝ ለማለት ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ነበረኝ። ኮረም ላይ ጓዜን የጭነት መኪናው ላይ አውጥቶልኝ፣ ጉንጬን ስሞኝ ተመለሰ።

ኅዳር ላይ ከአጎታችን ደብዳቤ ደረሰኝ። ኪሮስ ከመስቀል በኋላ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወርዶ ነበር። ወባ ያዘው። በአምስተኛው ቀን ሞተ። እዚያው ቀበሩት።

ለለቅሶ አገሬ ገባሁ። ለምን ትምህርቱን እንደተወ አባቴን ጠየቅሁት። «አልሆነልኝም ብሎኝ ሄደ። እኔማ ስለ አንተ ብሎ ነው የመሰለኝ፤ ወንድሜ ከተማረ ይበቃናል ብሎ እንደሆነ እንጃ» አለኝ። አባቴ ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነው።

ወደ ደሴ ስመለስ በሰቆጣ አለፍኩ። የገበያ ቀን ነበር። አንድ ሱቅ በር ላይ ያቺ የጸሐፊው ልጅ ደብተር ስትገዛ አየችኝ።

«መጽሐፍ ያደሉን እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ። «ቀዩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መርከቡ መጨረሻ ላይ ውኃ ያገኛል።»

ደስ ይበልሽ ወይም ሌላ ነገር አልኳት፤ አላስታውስም።

«ከእኛ ክፍል አንድ ትልቅ ሰው ነበር፣ ኪሮስ የሚባል፤ የዶሮዋን መጽሐፍ የሰጡት። ነሐሴ ላይ እዚሁ ገበያ አግኝቼው ቀዩን ጨርሼዋለሁ፣ ውሰደው አልኩት። እጁን በጋቢው ጠርጎ ትንሽ ገለጥ ገለጥ አደረገና መለሰልኝ። ‹የመረጠልኝ ሰው ቢሰማ ይከፋዋል› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹እርሳቸው በምን ይሰማሉ?› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መስከረም ላይ ስለ ዶሮዋ ሲናገር ክፍሉ ሳቀበት። ዳይሬክተሩ ‹ይኸው ነው?› አለው። ‹ይኸው ነው› አለ። በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሑመራ ሄደ ይላሉ። ደህና ገብቶ ይሆን?»

መልስ ስትጠብቅ የተላጨ ራሴንና ክንዴ ላይ ያለውን ጥቁር ጨርቅ አየች።

«ውይ፣ ማን ሞተብዎት?» አለችኝ።

«የሩቅ ዘመድ ነው» አልኳት።

«እግዜር ያጽናዎ» አለችና ደብተሯን ይዛ ሄደች።

በዚያ ሱቅ በር ላይ ዳይሬክተር አልነበረም፤ መምህራን አልነበሩም፤ የሚስቅብኝ ሰው አልነበረም። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እርሷም ስለ ወንድሜ ደህንነት ነበር የጠየቀችኝ። ለመጀመሪያው ውሸቴ ምክንያት አጥቼለት አላውቅም፤ ወጣት ነበርኩ፣ አፈርኩ እላለሁ። ለሁለተኛው ግን ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ደሴ ውስጥ ሥራ ይዣለሁ። ሰዎች «ወንድም እህት አለህ?» ሲሉኝ «አንድ ታላቅ ወንድም ነበረኝ» እላለሁ። ይህን ማለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የለመድኩት። ልጅቷን ግን ከዚያ ወዲህ አግኝቻት አላውቅም። ምናልባት ይህ ታትሞ ታነብበው እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩት። ያን ቀን ደህና ገብቶ ይሆን ብለሽ ስትጠይቂኝ እያወቅሁ ዝም አልኩሽ። ኪሮስ ሞቷል። የማለቅስለትም እርሱን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የሩቅ ዘመድ ያልኩሽ አያ ኪሮስን ነው።

ይህን ከጻፍኩ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።