ከምድር ቀድሜ የበላሁት እሸት

ልጅ እያለሁ ክረምቱን የማሳልፈው ጅማ አጠገብ ሰርቦ፣ የአባቴ እህት አዳዳ ዘይነባ ቤት ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ የጓሮው በቆሎ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ሽታው ምራቅ ያስውጣል። መቅመስ ግን የለም! እሸት መጀመሪያ የምድር ነው። ሴቶቹ ወንዝ ዳር ካለው ሾላ ሥር አኑረው ሳይመርቁ የቀመሰ ሰው ካለ ጎተራው አይሞላም ይባላል። ይሄ በሆነበት ዓመት ደግሞ የአምናው በቆሎ በበረዶ አልቆ፣ አዳዳ ዓመቱን በጎደሬ ነበር የገፉት።

ለምድር የተመረጡትን እሸቶች አዳዳ በሳር አስረው ምልክት አድርገውባቸዋል። የእኔ ዓይን ደግሞ፣ ወላሂ፣ የሚያርፈው የታሰሩት ላይ ብቻ! ከሁሉም የወፈሩት እነሱ ናቸዋ። አዳዳ ገበያ ሲሄዱ አንዱን ገንጥዬ ፍም ላይ ጠበስኩት። ግማሹን እንደበላሁ ድምፃቸውን ሰማሁና የቀረውን ደበቅኩ።

በማግስቱ ማለዳ ሴቶቹ እሸቱን እንስራ ውስጥ ከተው፣ ውሃ የሚቀዱ መስለው ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር "ኋላ ቀር ልማድ ነው" ብሎ ከልክሎ ነበራ። ከፊት የሚመሩት ግን የገዛ እናቱ ናቸው! ሾላው ሥር ሳር ጎዝጉዘው እሸቱን ቅቤ ቀብተው ደረደሩ። ከዚያ የሊቀመንበሩ እናት ዞር ብለው፣ "ከምድር ቀድሞ የቀመሰ አለ?" አሉ።

ባዶ ጎተራ ታየኝ። ቤት ብተወው ይገኝብኛል ብዬ ቀሚሴ ውስጥ የያዝኩትን ግማሽ እሸት አውጥቼ፣ "እኔ" አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

"ያ ረቢ!" አለች ጎረቤታችን ፋጤ። "እኛ እዚህ ጦጣ ስናባርር፣ ትልቋን ጦጣ ከጅማ በመኪና አስመጥተናል!"

ሳቁ ወንዙን ተሻገረ። አዳዳ ግን አልሳቁም። እሸቱን ከእጄ ተቀብለው ከሁሉም በላይ አስቀመጡት።

"ምድር ሆይ፣ ይሄን ጥርስ እዪልኝ" አሉ። "ልጅ ያለበት ቤት ነው። ለልጅ የሚበቃ ስጪን።"

"አሚን!" አሉ ሴቶቹ። ጎተራውም ሞላ፣ አልሃምዱሊላህ።

ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ጅማ ውስጥ በቆሎ ጥብስ ገዝተን መንገድ ለመንገድ እንግጣለን፤ ምድርን የሚያስታውሳት የለም። ሰርቦም ወደ ሾላው የሚወርዱት ሴቶች አንሰዋል። እኔ ግን ያተረፍኩት አለ። አምና በሒሳብ ስወድቅ ካርዴን ከእናቴ ደብቄ፣ በመጀመሪያው መኪና ሰርቦ ሄድኩና ለአዳዳ አሳየኋቸው። እንደዚያ ግማሽ እሸት ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ማንበብ እንኳ አይችሉም። ከዚያ ትንሽ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።