የአውራ ጣቷ ቦታ

ፈርሚ ቢሏት አልፈርምም አለች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ከድቷታል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። "ይሄን የምፈርመው ስሞት ነው፤ ያኔ ጣቴን ይዛችሁ አስፈርሙኝ" ብላ እስክሪብቶውን ወደ ወንድሟ ልጅ መልሳ አንከባለለችው።

ወረቀቱ የስጦታ ውል ነው። ለአርባ ዓመት ጓዳዋ ውስጥ አቧራቸውን እየጠረገች ያቆየቻቸው የመስታወት ፎቶዎች ሙዚየም ሊገቡ ነው። በዚህስ አልተጣላችም። ምስል በቀጭን መስታወት ላይ ይያዝ በነበረበት ዘመን የተነሱ ናቸውና፣ አንድ ቀን መደርደሪያው ተንዶ ድራሻቸው እንዳይጠፋ እሷም ትሰጋለች። ደሟን ያፈላው ከላይ የተጻፈው ነው፤ "ሁሉንም ያነሳው፦ ሟቹ ባለ ፎቶ ቤት። ረዳት፦ እህቱ።"

"ረዳት!" አለች። "እኔ ረዳት ከሆንኩ ካሜራው ራሱ ጎረቤት ነበር በሉኛ!"

የወንድሟ ልጅ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። አባቱን ስለሚወድ ብቻ አንገቱን ደፍቶ፣ "አክስቴ፣ አባቴን አገር ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብለሽ አሁን ምን መጣ?" አላት።

"ዝም ያልኩት የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ግን ውሸቱን በገዛ እጄ ላጽድቀው?"

ያ እጅ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ግራኝ ናት። ልጅ ሳለች አባቷ በግራ እጇ በጻፈች ቁጥር ጣቶቿን በማስመሪያ ይላቸው ነበር፤ እሷ እንደሆነች ፍንክች አላለችም። ታላቅ ወንድሟ ፎቶ ቤት ሲከፍት ይዟት ገባ። በሁለተኛው ዓመት መስታወቱ የሚነከርበት የብር ውሃ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ተረጨ፤ ያኛውም አብሮ ደከመ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሴት ልጅ ታንሳኝ ብሎ የሚቀመጥ ደንበኛ በዚያን ጊዜ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ወንድሟ ከፊት ቆሞ ኮሌታ ያስተካክላል፣ ይቀልዳል፣ "አትንቀሳቀሱ!" ይላል። እሷ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንባ ከካሜራው ኋላ ታያለች፣ ትመርጣለች። ካሜራውን አንዴ ስታንኳኳ እሱ የሌንሱን ክዳን ያነሳል፤ ደግማ ስታንኳኳ ይመልሰዋል። ደንበኛው ከጨርቁ ስር ያለችውን ሠራተኛ ይላታል።

የብር ውሃው ጣቶቿን አጠቆራቸው። አንዲት ለልጃቸው ሊያጯት የመጡ እናት እጇን አይተው፣ "ይቺ ልጅ ከሰል ትሸጣለች እንዴ?" ቢሉ፣ "ልጅዎንም ካመጡት አጠቁረዋለሁ" አለቻቸው። ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። አንድም ቀን አልቆጫትም።

ከሙዚየሙ የመጣችው ወጣት ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቃ በመሃላቸው ተጨንቃ ተቀምጣለች። "እማማ፣ እኔስ አምንዎታለሁ" አለች በመጨረሻ፣ "መዝገብ ግን ማስረጃ ይፈልጋል።"

"እንዲህ ብትይኝማ ገና ድሮ እንግባባ ነበር። አንዱን ሳጥን ክፈቺ።"

ወጣቷ አንድ መስታወት አውጥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ከታች በቀኝ ጥጉ፣ ምስሉ ያልደረሰበት ክብ ባዶ ቦታ አለ።

"ምስሉን የሚይዘውን ፈሳሽ መስታወቱ ላይ የምናፈሰው በእጃችን ነበር" አለች አሮጊቷ። "በአንድ እጅ ጥጉን ትይዣለሽ፣ በሌላው ታፈሻለሽ። አውራ ጣትሽ ያረፈበት ባዶ ይቀራል። ወንድሜ በቀኝ እጁ ነው የሚያፈሰው፤ በግራው ይይዛል፣ ጣቱም ግራ ጥግ ላይ ነው። እኔ ግራኝ ነኝ፤ የምይዘው በቀኜ ነው። በይ ቁጠሪ።"

ወጣቷ ቆጠረች። ሳጥኑ ውስጥ ካሉት አሥራ አራት መስታወቶች ሁለቱ ግራ፣ አሥራ ሁለቱ ቀኝ። "ሁለቱ የእሱ ናቸው" አለች አሮጊቷ ፈጠን ብላ። "ከእሱ አንዲት አልፈልግም።"

የወንድሟ ልጅ ግን አልተረታም። "ፈሳሹን ማፍሰስ ሌላ፣ ፎቶ ማንሳት ሌላ ነው።"

"እሺ። ያንን የሙዚየሙ ፖስተር ላይ ያወጣችሁትን ፎቶ አምጡታ።"

ወንድሟ ብቻውን ወንበር ላይ የተቀመጠበት ነው። የወንድሟ ልጅ ወረቀት ላይ የታተመውን ከልጅነቱ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ሲያየው ኖሯል። የሙዚየሙ ጽሑፍ "ራሱን በራሱ ያነሳው፤ አፉ አካባቢ የመደብዘዝ ጉድለት አለው" ይላል። መስታወቱ ከሳጥኑ ሲወጣ ባዶው ቦታ ቀኝ ጥግ ላይ ነበር። አሮጊቷ ቀኝ አውራ ጣቷን ሳታስነካ ከላዩ ያዘችው። ልክክ አለ።

"እሱ ወንበሩ ላይ ነው፤ ካሜራው ስድስት እርምጃ ይርቀዋል። ክዳኑን ማን አነሳው?" አለች። "ጉድለት የምትሉት ሳቅ ነው። 'ጋሼ፣ እንዳትንቀሳቀስ፤ ዛሬ ባለካሜራዋ እኔ ነኝ' አልኩት። እሱም ክዳኑ እንደተነሳ፣ 'አንቺ ያልሆንሽበት ቀን መቼ ነበርና!' ብሎ ሳቀ። አፉ የደበዘዘው ይሄን ሲለኝ ነው።"

የወንድሟ ልጅ የአባቱን አፍ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ በሁለቱ መስመሮች ላይ ሰረዘና ስሟን ከላይ ጻፈ። "አባቴንስ ምን ልበለው?" አለ።

አሮጊቷ ወደ እሱ ዞረች። "ሰው ፈርቶ ነበር የሚገባው። ፍርሃቱን የሚያስለቅቀው እሱ ነው። እሱ ባይኖር የማነሳው የተኮሳተረ ግንባር ብቻ ነበር። ይሄንንም ጻፍ፤ ረዳት ግን እንዳትለው።"

ከዚያም እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ አባቷ በማስመሪያ ይመታው በነበረው እጇ ፈረመች።